የኢስት ኮስት ፊቨር ክትባት፦ ክብደቱን በዓይን አትገምቱ

ኢስት ኮስት ፊቨር ለሚባለው መዥገር ወለድ የከብት በሽታ የሚሰጠው ክትባት ያልሞተና ያልተዳከመ ተውሳክ የያዘ ነው። ቲለሪያ ፓርቫ የተባለው ተውሳክ ከመዥገር ተወስዶ ከብቱ ይወጋል፤ በዚያው ሰዓት ረጅም ጊዜ ሰውነት ውስጥ የሚቆይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። መድኃኒቱ ተውሳኩ እንዳይባዛ ይገታዋል፤ ከብቱም በሽታውን ቀለል አድርጎ ያልፈውና መከላከያ ያበጃል። ኬንያ ውስጥ ሙጉጋ ላይ የተሠራው ድብልቅ ሦስት ዓይነት ተውሳክ ስላለበት «የሙጉጋ ኮክቴል» ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ አንቲባዮቲኩ ያነሰው ከብት በክትባቱ ራሱ ታሞ ሊሞት ይችላል። መጠኑ በኪሎ 30 ሚሊ ግራም ነው። 30 በመቶው መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር 300 ሚሊ ግራም ስላለው፣ ለ10 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር ይሆናል ማለት ነው። 150 ኪሎ የምትመዝን ጊደር 15 ሚሊ ሊትር ትፈልጋለች። በዓይኑ «110 ትሆናለች» ብሎ 11 የወጋት ሰው በኪሎ 22 ሚሊ ግራም ብቻ ነው የሰጣት። ሚዛን ከሌለ ደረቷን በክብደት መለኪያ ሜትር ለኩ፤ ከተጠራጠራችሁ ክብደቷን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። 20 በመቶ የተጻፈበትን ጠርሙስ በ30 በመቶው ስሌት መስጠትም ያው ስህተት ነው፤ ጽሑፉን ሳታነቡ ሲሪንጅ አትሙሉ። መጠኑ ሲበዛ አንድ ቦታ ላይ አታፍስሱት፤ ከፋፍላችሁ ጡንቻ ውስጥ ጠለቅ አድርጋችሁ ውጉ።

ክትባቱ 1 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ ጆሮ ሥር ካለው ንፍፊት አጠገብ ከቆዳ በታች ይሰጣል። በሌላ ሲሪንጅ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሳይቀላቀል። ሲሪንጁ ላይ የአልኮል ርዝራዥ ካለ ተውሳኩን ይገድለዋል፤ ያኔ ከብቱ የተከተበ መስሎ ሳይከተብ ይቀራል። ይህ ዓይነቱ ስህተት የሚጋለጠው በኋላ መዥገር ነክሶት ከብቱ ሲታመም ስለሆነ ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ነው።

ተውሳኩ የሚቆየው 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ከቀለጠ በኋላ መልሶ ማቀዝቀዝ አይቻልም፤ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። በተለመደው እሽግ አንዱ ቀጭን ቱቦ ለ40 ከብት ያህል ስለሆነ መጀመሪያ ከብቱን ሰብስቡ፣ መዝኑ፣ ምልክት አድርጉ፤ ቱቦው ከዚያ ይቅለጥ። ያተኮሰውንና የከሳውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ከክትባቱ በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የጆሮ ሥር ንፍፊቱንና ሙቀቱን ተከታተሉ። ንፍፊቱ አብጦ ትኩሳቱ ካልወረደ የእንስሳት ሐኪሙ ቡፓርቫኮን የተባለውን የዚህን በሽታ መድኃኒት በኪሎ 2.5 ሚሊ ግራም ይሰጣል። መከላከያው እስኪጸና አንድ ወር ገደማ ከመዥገር ጠብቋቸው።

የመዥገር መድኃኒት መርጨቱን ግን ማቆም አይሆንም። ክትባቱ ሌሎቹን መዥገር ወለድ በሽታዎች፣ አናፕላስሞሲስን፣ ባቤሲዮሲስንና ሃርትዋተርን፣ አይከላከልም። ጎሽ በሚውልበት ግጦሽ ደግሞ ከጎሽ የሚመጣው ዝርያ የተከተበውንም ሊያሳምም ይችላል። የተከተበ ከብት ተውሳኩን ይዞ ሊኖርና ለመዥገር ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ በሽታው ጨርሶ በሌለበት አካባቢ ይህ ክትባት አይሰጥም።