ኩላሊት የሰጠችው እህትስ?

ለታናሽ ወንድሜ አንድ ኩላሊቴን እንደሰጠሁ የሚያውቁ ሰዎች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚሉኝ "እሱ እንዴት ነው?" ነው። ተመስገን፣ ደህና ነው። ሥራውን ይሠራል፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ይወስዳል።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የጻፈችልኝ ልጅ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። ወንድሟ ዳያሊሲስ (በማሽን የሚደረግ የኩላሊት እጥበት) ላይ ነው። የእሷ ኩላሊት እንደሚስማማው በምርመራ ታውቋል። ገና አላገባችም። "ብሰጠው እኔ ምን እሆናለሁ? መውለድስ እችላለሁ?" አለችኝ።

ይህን መጠየቅ ራስ ወዳድነት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ሲጀመር፣ የተጀመረው በሕይወት ያሉ ዘመዶች በሚሰጡት ኩላሊት ነው። ስለዚህ ዓይን ሁሉ እናት፣ እህትና ወንድም ላይ ያርፋል። ቤተሰብ እያለቀሰ "እኔስ?" ማለት ደግሞ ከባድ ነው። እኔ ሐኪሙን የጠየቅኩት እማዬ ከክፍሉ ስትወጣ ጠብቄ ነበር።

ቀዶ ሕክምናውን ብዙ አትፍሪው። እ.ኤ.አ. በ2024 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1993 እስከ 2022 ኩላሊት የሰጡ ከ164 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝገብ አይቷል። በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት 36 ናቸው። በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ደግሞ ከ10,000 ለጋሾች አንድ ሰው እንኳ አይሞላም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ነው ትኩረት የሚፈልገው። የቀረው ኩላሊት ጎበዝ ነው፤ የሌላውንም ሥራ ደርቦ ይይዝና ከቀድሞው አቅም ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 96 ሺህ ገደማ ለጋሾችን ተከታትሎ፣ በ15 ዓመት ውስጥ ኩላሊታቸው ከነጭራሹ የደከመባቸው ከ10,000 ሰው 31 ያህል መሆናቸውን አግኝቷል። እንደ እነሱ ጤነኛ ሆነው ካልሰጡት መካከል 4 ያህል ብቻ ናቸው። 31 ትንሽ ቁጥር ነው። ለጋሽ ሊነገረው የሚገባ ቁጥርም ነው።

አሁን ወደ መውለዱ። አክስቴ "ማን ያገባታል?" ብላ ያለቀሰችው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከሰጡ በኋላ ያረገዙ 85 ሴቶችን ካልሰጡ 510 ሴቶች ጋር አስተያይቷል። በእርግዝና ጊዜ የሚነሳ የደም ግፊት ወይም ፕሪኤክላምፕሲያ (ግፊቱ ኩላሊትንና ሌላ አካልን ሲነካ) በሰጡት ላይ 11 በመቶ፣ ባልሰጡት ላይ 5 በመቶ ታየ። ከእጥፍ በላይ ነው፣ አልደብቅሽም። ያለጊዜው በመውለድ ወይም በልጁ ክብደት ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። አብዛኞቹ ለጋሾች በሰላም ወልደዋል። ስታረግዢ ታዲያ ገና በመጀመሪያው የነፍሰ ጡር ክትትል "አንድ ኩላሊት ነው ያለኝ" በያቸው። ግፊትሽንና ሽንትሽን ቶሎ ቶሎ እንዲያዩልሽ ነው።

እነዚህ ሁሉ የአሜሪካና የካናዳ ቁጥሮች ናቸው። የእኛ ለጋሾች ነገር የሚታወቀው እኛው ለምርመራ ስንመለስ ነው። ከክፍለ ሀገር መጥታ ሰጥታ የተመለሰች እህት ጤነኛ ነኝ ብላ ትቀራለች፤ የሚፈልጋትም የለም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ዓለም አቀፉ የኩላሊት ለጋሾች መመሪያ ለጋሽም ቢያንስ በዓመት አንዴ የደም ግፊት፣ ክሬቲኒን (የኩላሊትን አቅም የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና የሽንት ፕሮቲን ይታይለት ይላል። ወገቤን ሲያመኝም ፋርማሲ ገብቼ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አልገዛም፤ ኩላሊት ይጎዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲደረግ ኩላሊቱን ለመንታ ወንድሙ የሰጠው ሮናልድ ሄሪክ ነው። ከዚያ በኋላ 56 ዓመት ኖሮ በ79 ዓመቱ ነው ያረፈው። ይህንንም ልኬላታለሁ።

ሌላው የነገርኳት፣ ከመፈረሟ በፊት ሐኪሙን ብቻዋን እንድታነጋግረው ነው። ብዙ የንቅለ ተከላ ማዕከሎች ለጋሹን ለብቻው ይጠይቁታል። አልፈልግም ካለ ምክንያቱን ለቤተሰብ አይናገሩበትም። እሰጣለሁ ካለች ደግሞ ለወንድሟ ቀጠሮ ሲጻፍ የእሷም አብሮ ይጻፍ።