መብራት ሲመጣ ድሪሉ ብቻውን ተነሳ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ መሰላል ላይ ቆሜ የመጋረጃ ብረት ልሰቅል እየበሳሁ ነው። ድሪሉን የተዋስኩት ከጓደኛዬ ነው። ሁለት ቀዳዳ ጨርሼ ሦስተኛውን እንደጀመርኩ መብራት ሄደ። ድሪሉ እጄ ላይ ዝም አለ።

"በቃ ውረድ፣ ቡናው ደርሷል" አለችኝ ባለቤቴ። ወረድኩና ድሪሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ቤታችን ውስጥ መብራት ሲሄድ የተለመደ ሥራ አለን። እሷ ፍሪጁን ትነቅላለች፣ እኔ ቴሌቪዥኑን። መብራት ሲመለስ ከፍ ብሎ ይመጣና ዕቃ ያቃጥላል ብለን ስለምንፈራ ነው። ያን ቀንም ሁለቱንም ነቀልን። ድሪሉን ግን ማናችንም አላሰብነውም።

አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሊቀዳ ሲል መብራት መጣ። ድሪሉ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ተነሳ። እየጮኸ ዞረ፣ ዘለለ። አጠገቡ አጣጥፈን ያስቀመጥነውን አዲስ መጋረጃ የሚበሳው ጫፍ፣ ማለትም ፑንታው፣ ያዘውና መጠቅለል ጀመረ። ጨርቁን እየሳበ ከጠረጴዛው ወደቀ፤ ወለሉ ላይም ይንደፋደፍ ጀመር። የ5 ዓመቱ ልጃችን ከዚያ ጠረጴዛ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ምንጣፉ ላይ እየተጫወተ ነበር።

ባለቤቴ ልጁን አፈፍ አደረገችው። እኔ ወደ ሶኬቱ ሮጬ ስፒናውን መዘዝኩት። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጁ ምንም አልሆነም፣ ተመስገን። መጋረጃው ክንድ የሚያህል ተቀዶ ፑንታው ላይ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። እሱን በመቀስ እየቆረጥኩ ሳወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጨርቁ የልጄ እጅ ሊሆን ይችል እንደነበር ከማሰብ በቀር ሌላ ማሰብ አልቻልኩም።

እንዴት ብቻውን ሊነሳ ቻለ? መልሱ የድሪሉ እጀታ ላይ ነበር። በግራ በኩል፣ አውራ ጣት የምታርፍበት አካባቢ፣ ትንሽ ጥቁር ቁልፍ አለች። ቃታውን እስከ መጨረሻው ጨምቀህ እሷን ከተጫንካት ጣትህን ብትለቅም ድሪሉ መዞሩን ይቀጥላል። ለማስለቀቅ ቃታውን እንደገና ጫን አድርጎ መተው ነው። እኔ መሰላል ላይ በአንድ እጄ መስኮቱን ይዤ ስለነበር እንዲመቸኝ ብዬ ቆልፌያታለሁ። መብራት ሲሄድ ድምፁ ስለጠፋ ድሪሉ የጠፋ መሰለኝ። ማብሪያው ግን እንደተጫነ ነበር፤ የሚጠብቀው ኤሌክትሪኩን ብቻ ነው።

አንደኛ ፎቅ ላይ ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፉ ጎረቤት አሉን። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማታውኑ ወርጄ የሆነውን ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሰሙኝ።

"ስማ ልጄ" አሉኝ፣ "መብራት ሄደ ማለት ድሪሉ ጠፋ ማለት አይደለም። አንተ አላጠፋኸውማ።"

ይህን ነገር ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰው ነግሬዋለሁ። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቤት ውስጥ ባለገመድ ድሪል ለያዘ ሰው ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ማስጠንቀቂያ ሲነገር ስለ መነጽር ይነገራል፣ ስለ ጓንት ይነገራል። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ የሚል ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። መብራት ከሄደ ጣቴን ከቃታው አነሳለሁ። ቃታውን አንዴ ጫን አድርጌ እለቃለሁ፣ ቁልፏ ተይዛ ከሆነ እንድትለቅ። ከዚያ ከመሰላሉ ወርጄ መጀመሪያ የምነቅለው የድሪሉን ስፒና ነው። ፍሪጁ ይጠብቅ። ያቺን መቆለፊያ ቁልፍ ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ ነክቻት አላውቅም። ቤት ውስጥ ለሚበሳ አሥርና ሃያ ቀዳዳ ታስፈልጋለች ብዬም አላምንም።

በማግስቱ ጋሼ ራሳቸው ቤታችን መጡ። ድሪሉን ከመንካታቸው በፊት ገመዱን ከስፒናው ጀምረው በሁለት ጣታቸው መካከል እያሳለፉ ቀስ ብለው እስከ እጀታው ዳበሱት። እጀታው ጋ ሲደርሱ ቆሙና ገመዱን ጎንበስ ቀና አደረጉት። የላዩ ጎማ ተሰንጥቆ የውስጡ ሰማያዊ ሽቦ ብቅ አለ። ስንት ቀን በእጄ ይዤው አላየሁትም። ሁልጊዜ የሚታጠፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ቀድሞ የሚበላሸውም እዚያው ነው አሉኝ። ናስትሮ ጠቅልዬ ልጠቀምበት ስል እጃቸውን አወዛወዙ። ናስትሮ ይላጣል፣ ሲሞቅም ይንሸራተታል፤ መፍትሔው ገመዱን መቀየር ነው። በ220 ቮልት ላይ "ለዛሬ ብቻ" የሚባል ነገር እንደሌለ የገባኝ ያኔ ነው። ገመዱን አስቀይሬ ለጓደኛዬ መለስኩለትና ለራሴ 650 ዋት የሆነ አዲስ ገዛሁ።

አዲሱ ድሪል ስፒናው ሁለት እግር ብቻ ነው፤ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚሄደው ሽቦ፣ የለውም። የተጭበረበርኩ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ከጎኑ የተለጠፈውን ወረቀት አሳዩኝ፤ ካሬ ውስጥ ካሬ ያለበት ትንሽ ምልክት አለ። ውስጡ በድርብ መከላከያ ስለተሸፈነ የኧርዝ ሽቦ አያስፈልገውም ማለት ነው። ይህ ግን የሚሠራው ፕላስቲኩ ካልተሰነጠቀና ውሃ ካልገባበት ነው። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ባዶ እግር ያስኬዳል፤ ሴራሚኩም ወዲያው ወዲያው ይወለወላል። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር ቆሞ ድሪል መያዝ አይሆንም። እኔ አሁን የምይዘው ወለሉ ደርቆ፣ የተሸፈነ ጫማ አድርጌ ነው። ሸበጥ አይቆጠርም፤ ከመሰላል ላይም ያንሸራትታል።

ቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር ያድነኛል ብዬም አስብ ነበር። እሱ 16 አምፔር ይላል። ያ ሽቦው እንዳይቃጠል የተቀመጠ ነው፤ ሰውን የሚገድለው ኤሌክትሪክ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ለሰው የተሠራው ላዩ ላይ 30 ሚሊ አምፔር ተብሎ የተጻፈበት፣ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲፈስ በቅጽበት የሚያጠፋው አርሲዲ (RCD) የሚባለው መሣሪያ ነው። መሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ ስትጫነው ቤቱን ያጠፋል። ጋሼ አንድ አስገቡልን። ለቤቱ ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ በዚህኛው ደስ ይለኛል።

እኔ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን ምንም ወጪ የሌለውን ብልሃታቸውን ነው። ፑንታ የሚያጠብቀውን ትንሽ መፍቻ ወስደው ገመዱ ላይ፣ ከስፒናው አንድ ስንዝር ዝቅ ብለው በናስትሮ አሰሩት። መፍቻው ፑንታው ጋ እንዲደርስ ስፒናው ተነቅሎ መምጣት አለበት። ፑንታ ስትቀይር ሳታስበው ድሪሉ ተነቅሏል ማለት ነው። መፍቻው እዚያው ተሰክቶ ተረስቶ ድሪሉ ሲነሳ እንደ ጥይት እንዳይወረወርም ያደርጋል። አንድ ስንዝር ናስትሮ ይህን ሁሉ ይሠራል። እስካሁን የእኔ ድሪል ላይ እንደታሰረ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ያን ቀን የተማርኩት ደግሞ ግድግዳውን ነው።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ከልስኑ ሥር ግን አንድ አይደለም። አብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። ኮለኑ (ምሰሶው) እና ከመስኮት በላይ የሚያልፈው ሊንቴል ግን ኮንክሪት ነው፤ ውስጡ ፌሮ አለ። በጣት አንኳኩቶ መለየት ይቻላል፤ ብሎኬቱ የባዶ ሣጥን ድምፅ ይሰጣል፣ ኮንክሪቱ ደረቅ ነው። ብሎኬት ስበሳ ድሪሉ ላይ ያለውን፣ የመዶሻ ምልክት ያለበትን ማዞሪያ አልነካም፤ ዝም ብሎ በመዞር ብቻ ይበሳል። በመዶሻ ከመቱት ከውስጥ በኩል ይፈረካከስና ፊሸሩ፣ ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ፣ የሚይዘው ያጣል። ኮንክሪት ላይ ግን ያለ መዶሻው ፑንታውን ማቃጠል ነው።

የመጋረጃ ብረት ደግሞ የሚሰቀለው ሊንቴል ላይ ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ሁለት ጣት ያህል እንደገባሁ ፑንታው ፌሮ አገኘ። ፑንታው ቀጥ ሲል ድሪሉ ራሱ መዞር ፈለገ። የእጄን አንጓ ጠመዘዘኝ። ጣቴ ቃታው ላይ ብቻ ስለነበረና ስላልቆለፍኩት ስለቀው ቆመ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ ተቆልፎ መዞሩን ይቀጥል ነበር፤ እኔም መሰላል ላይ ነበርኩ። አንጓዬ አራት ቀን አመመኝ። ከድሪሉ ጋር ካርቶኑ ውስጥ የመጣውን የጎን እጀታ ያልገጠምኩት ትርፍ ዕቃ መስሎኝ ነበር። እሱ ለዚህ ነው የተሠራው። አሁን ሳልገጥመው፣ ሁለት እጄም ድሪሉ ላይ ሳይሆን አልበሳም። ፌሮ ከተገኘ በጉልበት መግፋት የለም። የግንብ ፑንታ ብረት አይቆርጥም። ቀዳዳውን ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ገለል ማድረግ ይበቃል።

ሽቦ ሌላው ፍርሃቴ ነበር። ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ቴስተር ካቻቢቴ አያሳይም፤ የነካውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችም ሆነ ወደ ጎን አልበሳም። ሽቦ በአብዛኛው በዚያ መስመር ነው የሚሄደው። የልጃችን መኝታ ቤት ውስጥ መደርደሪያ ስሰቅል ግን ሶኬቱን መራቅ አልቻልኩም። ያኔ የመኝታ ቤቱን ብሬከር አጠፋሁና ሶኬቱ መሞቱን በቴስተር አረጋገጥኩ። ድሪሉን ከወጥ ቤት መስመር በኤክስቴንሽን አመጣሁ። ትንሽ ልፋት አለው፤ ግን ፑንታው ሽቦ ቢያገኝ ያገኘው የሞተ ሽቦ ነው።

ኤክስቴንሽን ካነሳሁ አይቀር፣ ጥቅል ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይተርተር። የተጠቀለለ ገመድ ኃይል ሲያልፍበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል። 650 ዋት ድሪል በ220 ቮልት የሚወስደው 3 አምፔር ገደማ ነው፤ ብዙ አይደለም። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። ሁለቱን አንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት የለም። ገመዱም ሰው በሚያልፍበት መሃል አይጣልም፤ እኔ በግድግዳው ጥግ አስኬደዋለሁ።

መነጽር የግድ ነው፣ በተለይ ወደ ላይ ቀና ብሎ ለሚበሳ። ብናኙ ቀጥታ ወደ ዓይን ነው የሚወርደው። እኛ ደግሞ ሙቀቱን ፈርተን መስኮት ከፍተን ነው የምንሠራው፤ ነፋሱ ያንኑ ብናኝ ይመልስብናል። ሁለቱ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች አዳማ ላይ የተተከሉት ነፋሱ ተመርጦ ነው። ማስክ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ነበረን። ጓንት ግን አላደርግም። የሚሽከረከር ፑንታ የጓንቱን ጫፍ ከያዘ እጅን አብሮ ይወስዳል። ነጠላ፣ የተንዘረፈፈ እጅጌ፣ ያልታሰረ ፀጉርም እንዲሁ ነው፤ መጋረጃው ምን እንደሆነ አይቻለሁ። በስቶ የወጣ ፑንታ ደግሞ ይፋጃል፤ አንዴ በጣቴ ነክቼው ጠባሳው አለ።

የመጨረሻው መጋረጃ መኝታ ቤታችን ውስጥ ነበር። አንድ ቀዳዳ ሲቀረኝ መብራት ሄደ። ጣቴን አነሳሁ። ቃታውን አንዴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። ወረድኩ፣ ስፒናውን ነቀልኩት፣ ገመዱን ጠቅልዬ ድሪሉን ቁም ሣጥን ላይ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ አስቀመጥኩት። ከዚያ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ነቀልን። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝና ምንም አላለችም። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሳለ መብራት መጣ። ኮሪደሩ ላይ አምፖሉ በራ፤ ከጎረቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ተሰማ። ልጃችን ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞር ብሎ ጆሮውን አቆመ። ከውስጥ ምንም አልተሰማም። ወደ መጫወቻ መኪናው ተመለሰ።