ባንዲራውን ትቶ ሂለሩን

ትናንት ማታ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሚባለው የኦንላይን ጌም ላይ ዋርሶንግ ጋልች የሚሉት የጦር ሜዳ ገባን። 10 ለ10 ነው፤ የባላጋራን ባንዲራ ነጥቆ ወደ ራስ ካምፕ መሮጥ። ከባላጋራ አንዱ ባንዲራችንን ይዞ ፈረጠጠ፤ ሂለሩ፣ ማለትም እየፈወሰ በሕይወት የሚያቆየው ጓዱ፣ ከኋላው ይከተላል። ሁሉም ተሸካሚው ላይ ተረባረበ። በረዶ፣ መርዝ፣ እግር መቁረጥ፣ ያለው ሁሉ ተወረወረ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ማዘግየት አይደማመርም። ፍጥነትን በግማሽ የሚቀንስ ሁለት ምት ቢያርፍበት ሰውዬው ቀጥ ብሎ አይቆምም። የሚሠራው የበረታው አንዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ባክኖ ቀረ ማለት ነው። አጠገቡ ፓላዲን የሚባለው ባለ ድግምት ተዋጊ ካለማ ጭራሽ ሁሉንም ያራግፍለታል።

ከእኛ መሃል አንድ ዝምተኛ ሜጅ (ድግምት የሚወረውር ጠንቋይ) ነበር። ተሸካሚውን ዞር ብሎም አላየው። በረዶውን ሂለሩ ላይ ብቻ ይለቃል፤ ሊያልቅ ሲል ይደግማል። ሂለሩ እየተጎተተ ወደ ኋላ ቀረ። ተሸካሚው ደግሞ ፍጥነቱ ራሱ ጉድ ሠራው፦ ሮጦ ሮጦ ፈውስ ከሚደርስበት 40 ያርድ ወጣ። ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል!

ሲያልቅ የውጤት ሰንጠረዡ መጣ። ሜጁ ከታች ነው። አንዱ ቻት ላይ «ይሄ ደግሞ ምን ሲሠራ ነበር?» ብሎ አረፈው። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ሰንጠረዡ ጉዳትና ፈውስ ይቆጥራል፤ ማንን ከማን እንደነጠልክ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ሰው ደግሞ የሚቆጠርለትን ነው የሚሠራው፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን ሜጁን ወዲያው ጓደኛ አድርጌዋለሁ።