ብዙ የሚነዳ ሰው ሃይብሪድ ሲሰጠው

ፍራንክፈርት አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ድርጅቱ የላቦራቶሪ ማሽኖችን ይሸጣል፣ ይጠግናል። ቴክኒሻኖቻችን ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዞሩ ይውላሉ። አንዳንዶቹ ከከተማ አይወጡም። አንዳንዶቹ ደግሞ ኑሯቸው አውቶባን በሚባለው የጀርመን ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ነው። የሁሉም የነዳጅ ካርድ ሒሳብ በወሩ መጨረሻ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

በፈረንጆቹ 2021 የናፍጣ መኪኖቹ የኪራይ ውል የሚያልቅበት ጊዜ ደረሰ። አለቃዬ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሁሉም በፕለግ ኢን ሃይብሪድ ይቀየር አለ። በሶኬት ቻርጅ የሚደረገው፣ ቤንዚን ሞተርም ያለው ማለት ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ ነገሩ እንከን አልነበረውም። ያኔ የጀርመን መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት መኪና ድጎማ ይሰጥ ነበር። የአምራቹ ቅናሽ ሲጨመርበት እስከ 6,750 ዩሮ ይደርሳል። የመኪናው ሰነድ ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር 1.4 ሊትር ይበላል ይላል። 1.4! ሞተር ሳይክል እንኳ በዚህ አይሄድም።

ቴክኒሻኖቹን ያስደሰታቸው ግን ግብሩ ነው። ጀርመን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለግልህም የምትነዳ ከሆነ እንደ ደሞዝ ይቆጠርብሃል። የመኪናው የዋጋ ዝርዝር 1 በመቶ በየወሩ ገቢህ ላይ ይደመርና ግብር ይቆረጥበታል። ፕለግ ኢን ሃይብሪድ ከሆነ የሚደመረው ግማሹ ብቻ ነው። 48,000 ዩሮ የሚያወጣ መኪና ከሆነ፣ በ480 ፈንታ 240 ማለት ነው። እንደ ሰዉ ደሞዝ ይለያያል እንጂ በእጅ የሚገባው ልዩነት በወር 100 ዩሮ ገደማ ይሆናል። ማን ይጠላል?

ከቴክኒሻኖቹ መካከል አንድ ሐበሻ አሉ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ስለሆነ ጋሼ ነው የምላቸው። የጋሼ ክልል ከፍራንክፈርት ወደ ሰሜን ነው፤ ካሰል፣ ጎቲንገን፣ አንዳንዴም ሃኖቨር ድረስ። ካሰል ደርሶ መልስ ብቻውን ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እዚህ ድርጅት ከመግባታቸው በፊት ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ በቶዮታ ፕሪየስ። ስለ ሃይብሪድ ከአለቃዬም ከእኔም የተሻለ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

እኔ ቡና ላይ ጠየቅኋቸው።

«የኔ ልጅ፣ ሃይብሪድ የከተማ ልጅ ነው» አሉኝ። «መብራት ላይ ስትቆሚ ሞተሩ ይጠፋል። ፍሬን ስትይዢ፣ ሌላው መኪና በሙቀት የሚያባክነውን ጉልበት እሱ ባትሪው ውስጥ ይከተዋል። ስትነሺ መልሶ ይሰጥሻል። አውቶባን ላይ ግን የቱን ፍሬን ይዘሽ ነው የሚሞላው?»

«ታዲያ ለምን እሺ አሉ?»

«ግብሩ ይጣፍጣላ!»

መኪኖቹ መጡ። ቆንጆ ናቸው፣ ጸጥ ያሉ ናቸው። ሁሉም ሰው ደስ አለው።

ከዚያ 2022 ገባ። ሩሲያ ዩክሬን ውስጥ ከገባች በኋላ መጋቢት ላይ የነዳጅ ዋጋ በሊትር ከ2 ዩሮ አለፈ። የነዳጅ ሒሳባችን ሲያሻቅብ አለቃዬ ብዙም አልደነገጠም። «ጦርነቱ ነው» አለ። እውነትም ዋጋው ጨምሯል። እኔን የከነከነኝ ግን ዩሮው ሳይሆን ሊትሩ ነው። የሊትር ዋጋ በጦርነት ይጨምራል፤ የሊትሩ ብዛት ግን በጦርነት አይጨምርም። በናፍጣው ዘመን ከምንቀዳው በላይ እየቀዳን ነበር። 1.4 ሊትር ይበላሉ በተባሉት መኪኖች!

በመኪና በመኪና ልለየው ብዬ ተነሣሁ። በነዳጅ ካርድ ሲከፈል የመኪናውን ኪሎ ሜትር ማስገባት ያስፈልጋል። ማሽኑ ግን የጻፍክለትን ሁሉ ያምናል። አንዱ ጎረምሳ በቀዳ ቁጥር 123456 እያለ ይጽፍ ስለነበር፣ መኪናው ለወራት አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። በዚህ ምንም ማስላት አይቻልም። መላው የመጣው ከጎማ ነው። እዚህ አገር የክረምት ጎማ ከጥቅምት እስከ ፋሲካ ይባላል። በጥቅምት ይገባል፣ በፋሲካ ሰሞን ይወጣል። ጋራዡ ጎማ በቀየረ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ትክክለኛውን ኪሎ ሜትር ይጽፋል። ሁለቱን ደረሰኝ አቀናንሼ፣ በመካከል የተቀዳውን ሊትር ለተነዳው ኪሎ ሜትር አካፈልኩት።

አውቶባን ላይ የሚውሉት አብዛኞቹ ከ7 እስከ 8 ሊትር እየበሉ ነው። ከ1.4 ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ጋራዡን ስጠይቅ የጎማ ሠራተኛው ሳቀብኝ። የብዙዎቹ ቻርጅ ማድረጊያ ገመድ ባጋጅ ውስጥ፣ ከነቦርሳው፣ ከነማሰሪያው ተቀምጧል አለኝ። አንዱ ላይ ከፋብሪካ የመጣው ፕላስቲክ እንኳ አልተቀደደም።

ይህን ለአለቃዬ አቀረብኩለት። እሱ ከሰንጠረዤ ውስጥ የፈለጋትን አንዲት ዓምድ ብቻ መዘዘ። አጠቃላይ ሊትር። ከብዙ ወደ ጥቂት ደረደረውና ለሁሉም ኢሜይል ላከ። ገመዳችሁን አውጡ፣ ቻርጅ የማያደርግ ሰው የነዳጅ ካርዱን ያስረክባል የሚል። የስም ዝርዝሩም ተያይዟል። አንደኛ ማን ሆነ? ጋሼ። መጨረሻ ላይ ሆኖ የተመሰገነውስ? ያ 123456 የሚጽፈው ጎረምሳ። ከተማ ውስጥ በቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር ስለሚነዳ ሊትሩ ትንሽ ነው። ገመዱ ፕላስቲኩ ያልተቀደደው የእሱ መኪና ነበር።

ጋሼ በማግስቱ ወደ ቢሮ መጡ። አልጮሁም። የመኪናቸውን ገመድ ይዘው መጥተው አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። የሶኬቱ ጫፍ ከመሰካት ብዛት ተላልጧል። ከእሱ ጋር የቤታቸውን የመብራት ሒሳብ አያይዘዋል። ሰውየው ጋራዥ ያለው ቤት ነው የሚኖሩት። መኪናውን ከተረከቡ ጀምሮ ማታ ማታ ሲሰኩ ከርመዋል። ባትሪው 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በተራ የቤት ሶኬት አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። አንድ ሌሊት ከ4 ዩሮ በላይ ያስወጣል። በወር ሃያ ሌሊት ቢባል ከ80 ዩሮ በላይ ነው፣ ከኪሳቸው።

«ግብሩ የሰጠኝን ሶኬቱ ወሰደው» አሉ። «ያልሰኩት ጓደኞቼ በድርጅቱ ካርድ ቤንዚን ይቀዳሉ። እኔ በራሴ መብራት እነዳለሁ። ከዚያ አንደኛ አጥፊ ተብዬ ስሜ ይለጠፋል።»

አለቃዬ ዝም አለ። እኔ ወረቀት አወጣሁ። ጋሼ ሲነሡ ባትሪያቸው ሙሉ ነው እንበል። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ቤንዚን ይሄዳሉ። ካሰል ደርሶ መልስ ከሆነ 350 ይቀራል። በቀረው መንገድ መኪናው ባዶ ባትሪ የተሸከመ ቤንዚን መኪና ነው። የካሰልን አቀበት ከተጨማሪው ክብደት ጋር ይወጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 7.5 ሊትር ቢበላ፣ ለ350ው 26 ሊትር ይሆናል። የድሮው ናፍጣቸው በ5.5 ሒሳብ ሙሉውን 400 በ22 ሊትር ይጨርሰው ነበር። በየሌሊቱ እየሰኩም ከናፍጣው በላይ ይበላሉ ማለት ነው። ባይሰኩ ደግሞ 30 ሊትር።

በሌላ በኩል በቀን 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ብንወስድ፣ 50ው በመብራት፣ 30ው በቤንዚን ነው። ከሁለት ሊትር ትንሽ በለጥ ይላል። ለዚህ ሰው መኪናው ተአምር ነው። ከሰካው።

«መንገድ ላይ ለምን ቻርጅ አያደርጉም?» አለ አለቃዬ። ጋሼ ፈገግ አሉ። ያ መኪና ፈጣኑን ቻርጀር አይቀበልም። እንደ ብዙዎቹ የዚያን ጊዜ ፕለግ ኢን ሃይብሪዶች የሚስበው 3.6 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። ለ50 ኪሎ ሜትር ተብሎ አራት ሰዓት ገደማ ማን ይቆማል? ሆስፒታል እየጠበቀ!

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ ፍጥነት ዞረ። ጀርመን ውስጥ ገደብ በሌለበት አውቶባን ላይ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ከ1978 ጀምሮ የሚመከር ፍጥነት እንጂ ግዴታ አይደለም። የአየር ግፊቱ ግን በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚጨምረው። ከ100 ወደ 130 ስትል አየሩ 70 በመቶ ያህል ይበረታብሃል። የመኪናው ሰነድ ላይ ያለው ቁጥር የወጣበት የላቦራቶሪ ሙከራ ግን ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ፣ 23 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ አማካይ ፍጥነቱ 46.5 የሆነ ጉዞ ነው። በዚያ ላይ ቀመሩ ባለመኪናው አዘውትሮ ቻርጅ ያደርጋል ብሎ ያስባል። ውሸት አይደለም። የሌላ ሰው ውሎ ነው እንጂ የጋሼ አይደለም።

በዚያው በ2022 ሰኔ ላይ የወጣ ጥናት ነበር፤ አይሲሲቲ የተባለው የንጹሕ ትራንስፖርት ጥናት ድርጅት እና የጀርመኑ ፍራውንሆፈር የምርምር ተቋም ያወጡት። በአውሮፓ የግል ፕለግ ኢን ሃይብሪዶች ከመንገዳቸው ከ45 እስከ 49 በመቶውን በኤሌክትሪክ ሲሄዱ፣ የድርጅት መኪኖች ግን ከ11 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው የሚሄዱት። ፍጆታቸውም ከ7.6 እስከ 8.4 ሊትር። የእኛ ሰንጠረዥ እዚያው ውስጥ ቁጭ አለ። ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ «ስንፍና ነው» ይላል። እኔ ከሒሳብ ክፍል ሆኜ የማየው ሌላ ነው። ቤንዚኑን ድርጅቱ ይከፍላል፣ መብራቱን ሠራተኛው። ገመዱ ከቦርሳው የማይወጣው ለዚህ ነው። ቻርጅ ማድረግን ግዴታ ማድረግ ደግሞ ለጋሼ ዓይነቱ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሰውየው እኮ እየሰኩ ነው!

ደንቡ መፍትሔ ነበረው። በዚያን ጊዜ አሠሪው ቢሮ ውስጥ ቻርጀር ከሌለው፣ ቤቱ ለሚሰካ ባለ ፕለግ ኢን ሃይብሪድ በወር 35 ዩሮ ከግብር ነፃ መክፈል ይችል ነበር። ቀደም ብዬ አቅርቤው «በኋላ» ተብሎ የታለፈ ነገር ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ግን አልታለፈም።

የኪራይ ውሉ ሦስት ዓመት ስለሆነ መኪኖቹን መመለስ አልተቻለም። ደግነቱ ውላቸው ያላለቀ ሁለት ናፍጣዎች ቀርተው ነበር። አንዱን የመጋዘን ኃላፊው ይነዳዋል፣ በቀን 60 ኪሎ ሜትር። ከጋሼ ጋር ተለዋወጡ። ጋሼ ግን ዝም ብለው አልተቀበሉም። «ናፍጣውን እወስዳለሁ። ለድርጅቱ ይጠቅማል። ግብሬ ግን ወደ 1 በመቶ ይመለሳል። ልዩነቱን ደሞዜ ላይ ጨምሩ» አሉ። የሚጨመረው ደሞዝም ራሱ ግብር ይቆረጥበታልና፣ 100 ዩሮ በእጃቸው እንዲገባ ወደ 200 የሚጠጋ መጨመር ነበረብን። አለቃዬ ፊቱ ተኮሳተረ። ከነዳጁ ቁጠባ ጋር ሳስተያየው ግን በጋሼ ኪሎ ሜትር አሁንም አዋጭ ነበር፤ በጭንቅ። ፈረመ።

የመጋዘን ኃላፊው ሃይብሪዱን ይወደዋል። ቤንዚን ማደያ የሚሄደው መስታወት ለማጠብ ነው ማለት ይቻላል። ጎረምሳው ኪራይ ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ስለሚኖር የሚሰካበት የለውም። ተከራይ ቻርጀር እንዲተከልለት የመጠየቅ መብት ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሕግ አለው፤ ወጪው ግን የራሱ ነው። ለእሱ ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ሶኬት ተተከለ። ገመዱን ከፕላስቲኩ ሲያወጣው አይቻለሁ፤ የቱ ጫፍ የቱ ጋ እንደሚገባ ጠየቀኝ።

2024 ላይ አዲስ ውል ስንዋዋል ፎርሙ ተለወጠ። ከሞዴልና ከቀለም በፊት የተለመደ ቀንህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪናው የት ያድራል፣ ያ ሶኬት የማን ቆጣሪ ላይ ነው ብሎ ይጠይቃል። ጋሼ በመጨረሻ ሙሉ ኤሌክትሪክ ወሰዱ። ፈጣን ቻርጀር ይቀበላል፣ ግብሩም ሩብ በመቶ ነው። የቻርጅ ካርዱን ድርጅቱ ይከፍላል። ምሳ እየበሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሰኩታል፣ ካሰል ደርሰው ይመለሳሉ።

አሁን የቀረን አንድ ጉዳይ ነው። አውቶባን ላይ ቻርጅ ለማድረግ በቆሙ ቁጥር መጸዳጃ ቤቱ 1 ዩሮ ያስከፍላቸዋል። ደረሰኞቹን በሳምንት በሳምንት በስቴፕለር አያይዘው ያመጡልኛል። «መኪናው ነው ያቆመኝ እንጂ እኔ አልቆምኩም» ይላሉ። አለቃዬ እስካሁን አልፈረመባቸውም።