ዘጠኝ ፍሬ ቡና

ስምንት ነበርን። ሙዳዩ ሲገለበጥ ዘጠኝ ፍሬ ቡና ወጣ። ይቺ አንድ ትርፍ ፍሬ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች፣ ለዛ ነው የምጽፈው።

ጊዜው 2015 ክረምት ነው፣ ጅማ። የጅማ ክረምት ደሞ ይታወቃል፣ ቆርቆሮ ስር ቁጭ ብለህ አጠገብህ ያለው ሰው የሚልህን አትሰማም። ለአንድ ፕሮዲዩሰር ተከታታይ ድራማ እንጽፍ ነበር፣ አራታችን በአማርኛ አራቱ በአፋን ኦሮሞ። ታሪኩ አንድ ነው ግን ትርጉም እንዳይመስላችሁ፣ ቀልዱም ስድቡም ለየብቻ ነው የሚጻፈው (የነሱ ቀልድ ይበልጥ ነበር፣ ያኔ ሞቼ አላምንም እንጂ)። ክፍያው በክፍል ነው። ስክሪፕት ታስገባለህ፣ "አሪፍ ነው" ትባላለህ፣ ከዛ ሦስት ወር ትጠብቃለህ። ይሄንን ለምደነዋል። ያልለመድነው፣ ለቲቪ ብለን የሸጥነው ሲዝን አንድ ሳንጠየቅ ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ በየመሀሉ የሳሙና ማስታወቂያ ሲገባበት ማየት ነው። የሲዝን ሁለት ውል ሲመጣ ደሞ ዋጋው ያው፣ የተጨመረው አንድ መስመር ብቻ፣ "አሁን ባለውም ሆነ ወደፊት በሚፈጠር ማንኛውም ሚዲያ" የሚል።

ሰውየው ብልህ ነው። ማክሰኞ እኛን ጠርቶ "ኦሮምኛዎቹ ፈርመዋል፣ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ" አለን። ረቡዕ እነሱን ጠርቶ "አማርኛዎቹ ጨርሰዋል፣ እናንተን ነው የምጠብቀው" አላቸው። የማያውቀው ነገር ከነሱ አንዱና ከኛ አንዱ ፈረንጅ አራዳ አንድ ግቢ ተከራይተው እንደሚኖሩ፣ ልብስ የሚያሰጡት አንድ ገመድ ላይ እንደሆነ ነው። ረቡዕ ማታ ገመዱ ስር ተገናኝተው "ፈረምክ እንዴ?" "አንተ አይደለህ የፈረምከው?" ተባባሉ፣ አለቀ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ አንድ ቡና ቤት ተሰበሰብን።

ስብሰባውን የመራችው የቡድናችን ትንሿ ልጅ ናት። እሷ የአሜሪካኖቹን አድማ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስትከታተል ነበር። ያኔ የሆሊውድ ጸሐፊዎች ብዕር ካስቀመጡ ሦስት ወር ሊሞላቸው ነው፣ ሚያዝያ 24 ነው የጀመሩት፣ ሐምሌ ላይ ደሞ ተዋንያኑ ተቀላቅለዋቸዋል። ስልኳን ይዛ ታነባለች፣ ዝናቡ ይበልጣታል፣ ትጮሃለች። ማኅበራቸው፣ ራይተርስ ጊልድ የሚባለው፣ ከአድማው በፊት ድምፅ አሰጥቶ 9,020 ሰው እሺ ሲል እምቢ ያለው 198 ነው፣ 97.85 ፐርሰንት ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ያልገባኝ ነገር ምን ነበር፣ ድምፁ ራሱ አድማው መስሎኝ። አይደለም ለካ። ድምፁ ለተደራዳሪዎቹ "ካስፈለገ አቁሙ" ብሎ ሥልጣን መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 96 ፐርሰንት እሺ ብለው አንድ ቀን እንኳን ሳያቆሙ ነው የተፈራረሙት፣ የፊልም ካምፓኒዎቹ ቁጥሯን አይተው ውሉ በሚያልቅበት ሌሊት ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1985 ግን ለሁለት ተከፍለው ሁለት ሳምንት እንኳን በቅጡ ሳይቆዩ ተመለሱ፣ የቪዲዮ ካሴት ክፍያቸው በዛው ሳንቲም ሆኖ ቀረ፣ ዲቪዲ ሲመጣም እሷኑ ሳንቲም ነው የበሉት።

"አያችሁ" አለች፣ "ሰውየው የሚፈራው ማቆማችንን አይደለም። ቁጥራችንን ነው፣ መቁጠር ይችላል።"

አባ ሲን ናቸው የመለሱላት። አባ ሲን የምንላቸው ትልቁ ጸሐፊያችን ናቸው፣ ስክሪፕት ስታሳያቸው ታሪኩን ትተው ሲን ስለሚቆጥሩ። "ልጄ" አሉ፣ "እነሱ ገንዳ ያለው ቪላ አላቸው። እኔ ያለብኝ የቤት ኪራይ ነው።"

"ጋሼ፣ እሱ እኮ ይሄን ያውቃል። ኪራይ ያለበትን ሰው ነው ለብቻው ቢሮ የሚጠራው።"

ዝም አሉ። ሕግ የሚያውቅ አንድ ዘመድ የነበረው ልጅ ደሞ የባሰ አመጣ። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ጠይቆ ነበር። አድማ ለመምታት የማኅበሩ አባላት ሁለት ሦስተኛ የተገኙበት ስብሰባ ላይ አብዛኛው መደገፍ አለበት፣ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ አለ፣ ማኅበር ለማቋቋም ራሱ ደሞ ቢያንስ 10 ሰው። እኛ ስምንት። ዘበኛውንና ሻይ የምታመጣውን ልጅ ብንጨምር እንሞላለን ብሎ አንዱ ቀለደ። ለማንኛውም በስክሪፕት የምንከፈል ነን፣ ደመወዝተኛ አይደለንም፣ አዋጁ እኛን አያውቀንም። ስለዚህ ያለን ነገር እርስ በርስ ያለን ቃል ብቻ ነው፣ እሱም ገና አልተሰጠም።

ድምፁ በድብቅ ይሁን ተባለ፣ ወረቀት ግን የለም፣ የነበረውም በዝናብ ርሷል። ቡና የምታፈላው ልጅ ናት ያዳነችን። ለያንዳንዳችን አንድ ጥሬ አንድ የተቆላ ፍሬ ሰጠችን። ጥሬው "እናቁም"፣ የተቆላው "እንቀጥል"። አንዱን ሙዳዩ ውስጥ ትጥላለህ፣ የተረፈህን ትደብቃለህ። ጅማ ነው እንግዲህ፣ ቡና ቀላ በቅቤ እየበላ ያደገ ሰው የተቆላ ቡና እጁ ላይ ተርፎ ኪሱ አይከትም፣ ያኝካል። ስለዚህ የሚያኝክ ሰው "እናቁም" ብሏል ማለት ነው፣ ድብቁ ድምፅ እዛው ተገለጠ። ሁሉም ማኘክ ጀመረ።

እኔም አኘክኩ። እኔ የማኝከው ግን ፈንዲሻ ነበር።

ምክንያቱም ሙዳዩ እኔ ጋ ሲደርስ እጄ ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፣ ጥሬውን ልጥል እልና የእህቴ የትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣብኛል፣ የተቆላውን ልጥል እልና የልጅቷ ዓይን ይመጣብኛል፣ ቀጥሎ ያለው ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ እና እጄን ከፈትኩት። ሁለቱም ገቡ። በሰዓቱ ብልጠት መስሎኝ ነበር፣ አንዱ አንዱን ያጠፋዋል ብዬ፣ ማን ይቆጥራል ብዬ።

ተቆጠረ። ሰባት ጥሬ፣ ሁለት የተቆላ።

ዝናቡ ያኔ አባርቶ ነበር፣ ምን ያህል ዝም እንዳልን ይታወቃል። ከዛ ዓይን ሁሉ ወደ አባ ሲን ሄደ። ማንም ምንም አላለም ግን ሄደ፣ የኔም ዓይን ሄደ፣ ይሄ ነው የሚቆጨኝ፣ ከሁሉም በላይ የኔ ዓይን ሳይቀድም አልቀረም።

አባ ሲን እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ላይ አንድ ጥሬ ፍሬ አለች። "የጣልኩት አንድ ነው" አሉ፣ "ጥቁሩን ነው የጣልኩት፣ እንቀጥል ነው ያልኩት፣ አልደብቅም። ሁለት የጣለው ግን እኔ አይደለሁም።" ፍሬዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና "ውሳኔው ማቆም ነው፣ አይደል? በቃ፣ ቆሜያለሁ። ስኒ ሙሊልኝ" አሉ።

ይደገም ያለ ነበር፣ ልጅቷ አልፈለገችም። እንዴት ቢቆጠር ማቆም ያለፈ ነው፣ ይበቃል አለች። እኔ አንገቴን ነቀነቅኩ፣ በጣም ነቀነቅኩ።

ስልኩ የመጣው ገና ሒሳብ ሳንከፍል ነው። እንዴት እንደሰማ እስካሁን አይገባኝም፣ ጅማ ትንሽ ናት። የደወለው ለአባ ሲን ነው፣ ለምን ለሳቸው እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ስፒከር ላይ አደረጉት። ሰላምታ የለ፣ ምን ጎደላችሁ የለ፣ ምን ፈለጋችሁ የለ።

"ጋሼ፣ ስንት ለስንት ሆነ?"

"ስምንት ለባዶ።"

ዝም አለ። ከዛ በሚለሰልስ ድምፅ፣ "እርሶስ?"

"ስምንተኛው ነኛ።"

ዘጋው። ልጅቷ አፏን ይዛ "ጋሼ፣ ዋሹ እኮ!" ስትል "ልጄ፣ ድራማ ጸሐፊ አይደለሁ እንዴ?" አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ፈንዲሻዬን ዋጥኩ።

ከዛ የሆነውን አላረዝመውም። በነጋታው አንድ በአንድ ደወለልን፣ ለሁሉም የጠየቀው ያችኑ ነው፣ ስንት ለስንት። ለኔ ሲደውል ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ፣ "ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ የለም" ብዬ ዘጋሁት፣ አምስት ባር ነበረኝ። ሌሎቹ ግን "ስምንት ለባዶ" አሉ፣ ሳይነጋገሩ፣ የሽማግሌውን ውሸት ላለማፍረስ ይመስለኛል። አሥራ አንድ ቀን አንዲት ሲን ሳናስገባ ቆየን። በአሥራ ሁለተኛው ውዝፉ ተከፈለ፣ ከዛ በኋላ በ30 ቀን እንዲከፈል ተጻፈ፣ "ወደፊት በሚፈጠር" የምትለዋ መስመር ወጣች። ዩቲዩቡን "እናየዋለን" አለ፣ አሁንም እያየነው ነው፣ ሳሙናውም ይታያል። አሜሪካኖቹ 148 ቀን ቆይተው መስከረም ላይ ጨረሱ፣ በማሽን የተጻፈ ነገር እንደ ጸሐፊ ሥራ እንዳይቆጠርና ከስትሪሚንግ ጉርሻ እንዲኖር አስገቡ፣ ልጅቷ ዜናውን ግሩፓችን ላይ ስትለጥፈው ቀድሜ ላይክ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ደሞ አሁን በየሆቴሉ ስለ ቡድን ሥራ ሥልጠና ይሰጣል አሉ፣ አበል አለው።

እኔም አዲስ ጸሐፊ ሲመጣ ይሄንን ታሪክ እነግረዋለሁ፣ ለየብቻ ቢጠሯችሁ አትሂዱ፣ ቁጥራችሁን አታውጡ፣ ምናምን እያልኩ። የሁለቷን ፍሬ ክፍል ግን እዘላታለሁ። ስናገር ስምንት ለባዶ ነው።

አምና አባ ሲንን መናኸሪያ አገኘኋቸው፣ ወደ አጋሮ ሊሄዱ መኪና እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ቡና ልጋብዝዎት አልኩ፣ እኔ ነኝ የምጋብዘው ብለው እምቢ አሉ። ፈንዲሻ መጣ። አንድ እፍኝ አነሱና አንዷን አፋቸው ውስጥ ጣል አድርገው ቀስ ብለው አኘኩ፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው።

"የተቆላ ቡና ሲታኘክ ቀጭ ይላል" አሉ። "ይሄ አይልም።"

ምን እንደምል ጠፋኝ። ረዳቱ "አጋሮ የሞላ! አጋሮ!" ሲል ተነሱ፣ የሁለታችንን ሒሳብ ከፍለው ሄዱ።