ምን አለ?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የሆነ ነገር ሲከብደኝ ዋለ። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ የለኝም። ማታ ፊልም ከፍተን ሶፋው ላይ ተጋደምን፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ባለቤቴ «ምን አለ?» አለችኝ። እኔም አልሰማሁትም። ድምፁን ጨመርኩ። ወዲያው የሆነ ነገር ፈነዳና ትንሿ ልጃችን ከመኝታ ቤት ጮኸች፤ ቀነስኩ። ሰዎቹ ተመልሰው ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ ጨመርኩ። ፊልም ማየት ማለት እኛ ቤት ሪሞት መጫን ከሆነ ሰንብቷል።

እሷ ተስፋ ቆርጣ ተኛች። እኔ ፊልሙን አቁሜ ስልኬን አነሳሁ። ስፒከር መቀየር አለብኝ!

ገንዘቡ ያው የምታውቁት ነው፤ አምስት ስፒከር ቀርቶ ሁለት አይገዛም። አንድ ከሆነ ደግሞ ምርጫው ግልጽ ነው፤ በ5.1 ድምፅ (አምስት ስፒከርና ለወፍራሙ ድምፅ አንድ ሰብዉፈር ማለት ነው) አብዛኛው ንግግር የሚወጣው ከመሃለኛው፣ ከሴንተሩ ነው። የእኔ ሴንተር የት ነው ያለው? መደርደሪያው ውስጥ ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ጉልበታችን አዙሮ። ይኼን ሳስተውል አፈርኩ። ወደ ጫፍ ሳብኩት፣ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ሸጉጬ ወደ ጆሮ ቀና አደረግኩት። ምንም ሳላወጣ ለውጥ አለ። ሴንተር የለኝም ብዬ ሪሲቨሩን፣ ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን ማሽን፣ ዋሽቼውም ሞከርኩ፤ ንግግሩን ለግራና ለቀኙ አከፋፈለው፤ መሃል ለተቀመጠ ሰው ደህና ነው። ግን እሷ ሁልጊዜ ጥግ ነው የምትቀመጠው፤ እዚያ ሲኮን ሰዎቹ ሁሉ ከአንድ ወገን ነው የሚያወሩት።

ሪሲቨሩ ያ ወንድሜ «ከመጣል ብዬ ነው» ብሎ የሰጠኝ ነው። 4ኬ ምስል አያሳልፍም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካና ድምፁ ብቻ በኦፕቲካል ገመድ ይደርሰዋል። ገመዱ የተጨመቀውን 5.1 እንጂ አዲሶቹን ጥራታቸው ያልተቀነሰ ድምፆች አይሸከምም፤ እኔም አላዘንኩባቸውም። የሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ከ6 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ነው) በታች እንዳትሰኩ ይላል። ባለ 4 ኦም ስፒከር ከባለ 8ቱ እጥፍ ከረንት ስለሚስብ ሽማግሌውን ማቃጠል ይሆናል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ዋቱን ነው፤ እኔ ግን ዛሬ የወደድኩት ሌላ ቁጥር ነው፦ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል፣ ማለትም ምን ያህል ከፍ ያለ ድምፅ፣ እንደሚያወጣ። 85 ከሚለው 88 የሚለውን መምረጥ የሪሲቨሩን ጉልበት እጥፍ እንደማድረግ ነው፤ ያው ድምፅ በግማሽ ዋት ይወጣል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ለሰብዉፈሩ ከተዉለት ደግሞ ይበልጥ ይቀለዋል። ባለ 88 አንድ ሴንተር አገኘሁ። ዋጋውም አይገድልም።

ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት።

የሴንተሩ መግለጫ ላይ «እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚል አየሁና፣ የእኔዎቹስ እስከ ስንት ይሄዳሉ ብዬ ቀስ እያለ የሚቀጥን የመሞከሪያ ድምፅ ከፈትኩ። 8,000፣ 10,000፣ ከዚያ ቀጠነ ቀጠነና 12,000 ላይ ዝም አለ። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ተቃጠለ ብዬ ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ዝም። ገመዱን ነካካሁ። ዝም። ትንሿ ዓይኗን እያሻሸች ወጣች፦ «ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

አስተኝቻት ስመለስ አባዬ ትዝ አለኝ። ራዲዮኑን እስኪያንቀጠቅጥ ከፍቶ፣ ቀንስ ስንለው «እነዚህ ልጆች አጥርተው አይናገሩም እኮ» ይል ነበር። እንስቅበት ነበር። ዕድሜ ከጆሮ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ሰ እና ፈ የሚለዩትም እዚያው ላይ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ይደርሳል፣ ቃሉ ግን አይለይም፤ «ሠሪ» ሲሉ «ፈሪ» ይሆናል። እሱ አልሰማም አላለም፤ አጥርተው አይናገሩም ነው ያለው። እኔስ ባለፈው ሳምንት ስለ ዘመኑ ተዋንያን ምን ነበር ያልኩት? በጠረጴዛ ዙሪያ፣ በሰው ፊት፣ በሙሉ ልብ!

በኋላ በኋላ ወንበሩን በየጊዜው ወደ ራዲዮኑ ያስጠጋ ነበር። እልኸኛ ይመስለን ነበር። ርቀትን በግማሽ ማሳጠር፣ ክፍት ቦታ ላይ ቢሆን፣ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ዋቱን አራት እጥፍ እንደማድረግ ነው። በዴሲቤል ሳይሆን በወንበር ነበር የሚያሰላው። ማንኛችንም ግን ጆሮህን እንይልህ አላልነውም። ለምን?

አሁን ሌሊት ሰባት ሰዓት አልፏል። ተዋናዩ ቴሌቪዥኑ ላይ አፉን እንደከፈተ ደርቋል፤ ምን ሊል እንደነበር አላውቅም፣ ፊልሙም ስለ ምን እንደሆነ ጠፍቶኛል። ባለ 88ቱ ሴንተር ስልኬ ላይ እንደተከፈተ ነው። ልግዛው? ወይስ ሶፋውን ትንሽ ላስጠጋው? እሷ ግን «ለምን አስጠጋኸው?» ብትለኝ ምን እላታለሁ?