ጎንግቤይ ኬላ ላይ

በደቡብ ቻይና ያለችው ጉዠን የመብራት ከተማ ናት። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሱቆች ከመብራት በቀር ሌላ የሚሸጡት ያላቸው አይመስሉም። አራት ቀን ሰንብቼ ለሂዩስተኑ ሱቄ የሚሆነውን መረጥሁ፤ ቀብድም ከፈልሁ። ከዚያ ከማካው ጋር ወደምትዋሰነው የቻይና ከተማ፣ ወደ ዡሃይ፣ በመኪና ወረድሁ። ሐሳቤ በጎንግቤይ በኩል በእግር የራሷ አስተዳደርና ኬላ ወዳላት የቻይና ግዛት ወደ ማካው ተሻግሬ በማግስቱ ለመብረር ነበር።

ጎንግቤይ ሕዝብ የሚተራመስበት ኬላ ነው። ዘንቢል ያንጠለጠሉ አሮጊቶች፣ ለሥራ የሚመላለሱ ወጣቶችና ሻንጣ የሚጎትቱ ቱሪስቶች እየተጋፉ ያልፋሉ። ተራዬ ሲደርስ አሜሪካዊ ፓስፖርቴን ሰጠሁ። ወጣቷ መኮንን ገጾቹን ገለጠች፣ ኮምፒውተሩን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝና ስልክ አነሳች። ሁለት ሰዎች መጥተው በትሕትና ወደ አንዲት ክፍል ወሰዱኝ።

ስልኬን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት፤ እንዳልነካውም በእጅ ምልክት ነገሩኝ። በወረቀት ኩባያ ሙቅ ውሃ አቀረቡልኝ። "ጥፋቴ ምንድን ነው?" አልኋቸው። "ይጠብቁ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ቃል ይኸው ብቻ ነው።

በእኛ አገር የዱሮ ሙግት "ተጠየቅ!" ተብሎ ይጀመራል። ጠያቂ ካለ መልስ አለ፤ ዋስም ይጠራል። እኔ ግን የሚጠይቀኝ ስላጣሁ ራሴን መጠየቅ ያዝሁ። የማንን ፎቶግራፍ አነሳሁ? ቀብድ የተቀበለኝ ነጋዴ ከማን ጋር ተካሶ ይሆን? ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት የቻይና ሕግ፣ ያላለቀ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያለበትን የውጭ ሰው ፍርድ ቤት ከአገር እንዳይወጣ ሊያግደው እንደሚችል ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ውሃው ቀዘቀዘ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ኩባያውን ላነሣው አልደፈርሁም።

ሳንዲ ፋን-ጊሊስ ትዝ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። የሂዩስተን ነጋዴ ነበረች። በመጋቢት 2015 እ.ኤ.አ. ከንግድ ልዑካን ጋር መጥታ ከዡሃይ ወደ ማካው ልትሻገር ስትል ተያዘች፤ እኔ በተቀመጥሁበት አካባቢ ማለት ነው። ስድስት ወር ሙሉ ክስም የእስር ማዘዣም ሳይኖር፣ "በተወሰነ ስፍራ የሚደረግ የመኖሪያ ቁጥጥር" በሚባለው ሥርዓት አቆዩዋት። ስሙ መኖሪያ ይላል እንጂ ሰውየው ያለው ቤቱ አይደለም፤ ጉዳዩ የአገር ደኅንነት ነው ከተባለ ጠበቃም ላያገኝ ይችላል። በ2016 የዘፈቀደ እስራትን የሚመረምረው የተባበሩት መንግሥታት የሥራ ቡድን እስሯ የዘፈቀደ ነው አለ። በሚያዝያ 2017 በስለላ ፈርደውባት ከአገር አስወጧት። ባሏ ግን ንጹሕ ናት ሲል ነበር።

ወሬው ሂዩስተን በደረሰ ሰሞን ቡና ላይ ተቀምጠን "ያለ ነገርማ አይይዟትም" ያልሁት እኔ ነኝ። ማንም አልተቃወመኝም። ያን ቃሌን እዚያች ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ሰማሁት፤ አፈርሁም። ባሏ ያን ሁሉ ወር ስንቱ ሰው እንደ እኔ ሲል ሰምቶ ይሆን?

ከሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ገብቶ ፓስፖርቴንና ስልኬን በሁለት እጁ ሰጠኝና በሩን ከፈተልኝ። ምክንያት አልነገረኝም፤ እኔም ልጠይቀው አልደፈርሁም። ሰልፉ እንደ ቀድሞው ይጋፋል። በማካው በኩል ማኅተም ተመትቶልኝ ስወጣ መሽቷል፤ ጉልበቴ ስለከዳኝ ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥሁና ለባለቤቴ ደወልሁላት።

የሆነውን ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ምን አድርገህ ነው?" አለችኝ።